ሁለቱ ጆሮዎቹ ያልተስማሙለት የዜማ ደራሲ



በእኛ በአንኮበር ክረምት ሲገባ ጉም ተራራውን ሸፍኖ ይውላል። ያን ጊዜ ሰው መንገዱን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ደወል ሲደወል ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንዳለ ይለያል። ከአልዩ አምባ ገበያ ሽቅብ የሚመለስ ሰው የበቅሎ ኮቴ ሲሰማ ከኋላ ይሁን ከፊት አውቆ መንገድ ይለቃል። ይህን ሁሉ የሚነግሩን ሁለት ጆሮዎች ናቸው። ሁለቱ ተስማምተው ሲሠሩ ግን መኖራቸውን እንኳ አናስታውስም። የምናስታውሳቸው አንዱ ሲከዳን ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ከመዘምራኖቻችን አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እርሱም እንዲጠራ አይፈልግም። ይህ ወንድማችን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ከበሮ ሲመታ ፊቱን ያጨማድድ፣ ጸናጽል ሲንሿሿ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ይሸፍን ጀመር። ዜማውንም አንዳንድ ጊዜ ይስት ነበር። ሲጠየቅ ቀኝ ጆሮው ከግራው የተለየ ዜማ እንደሚነግረው፣ ከበሮውም እንደ ተሰነጠቀ ቆርቆሮ እንደሚጮኽበት ተናገረ። እኛም ሳቅንበት። ሰነፍ ነው ያልነው ነበርን፤ ኩራት ይዞት ነው ያልነውም ነበርን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነኝ። በኋላ ግን የአንድ ስመ ጥር ሰው ሕይወት ሳነብ ያ ወንድማችን የነገረን ነገር ቃል በቃል የሚባል ያህል እርሱንም ደርሶበት እንደነበር ተረዳሁ፤ አፈርኩም። ስለዚህ የዚያን ሰው ታሪክ ለእናንተ ለማካፈል ወሰንኩ።

ሰውየው ቤድርዢህ ስሜታና ይባላል። የቼክ ሕዝብ የሙዚቃ አባት ብሎ የሚያከብረው የዜማ ደራሲ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ስሜታና የተወለደው በማርች 2 ቀን 1824 በቦሄሚያ ምድር ሊቶሚሽል በምትባል ከተማ ነው። ቦሄሚያ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። እርሱ ሲወለድ በእኛ አገር በሸዋ የሚገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ፤ መቀመጫቸውም ይህችው የእኛ አንኮበር ነበረች። የሕፃኑ አባት ቢራ ጠማቂ ነበር። ሆኖም ሙዚቃ ይወድ ስለነበር ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ልጁም ከዚያው ከአባቱ ቤት ሙዚቃን ቀሰመ። ገና 6 ዓመቱ ሳለ በ1830 በሕዝብ ፊት ፒያኖ ተጫወተ።

በዚያን ዘመን በቦሄሚያ የተማረ ሰው ቋንቋ ጀርመንኛ ነበር። ስሜታናም ትምህርቱን የተማረውም፣ ማስታወሻውን የሚጽፈውም በጀርመንኛ ነበር። የገዛ ሕዝቡን ቋንቋ በደንብ መጻፍ የተማረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ሲጽፍ ይሳሳት እንደነበር ራሱ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን አላፈረበትም። ሕዝቡን ማገልገል የሚፈልግ ሰው የሕዝቡን ቋንቋ መማር እንዳለበት አምኖ ነበርና።

ወጣት ሳለ ምኞቱ ትልቅ ነበር። በፒያኖ አጨዋወት ሊስትን፣ በድርሰት ደግሞ ሞዛርትን መምሰል ይፈልግ ነበር። ወደ ፕራግ ሄዶ በድህነት ተማረ፤ በ1848 የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ካተሪና የምትባል የልጅነት ወዳጁን አገባ። አራት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ነገር ግን ኀዘን ቶሎ ደረሰበት። ከ1854 እስከ 1856 ባለው ጊዜ ውስጥ ከአራቱ ልጆቹ ሦስቱ ሞቱበት። ከሞቱት አንዲቱ የበኵር ልጁ ነበረች፤ ገና በአራት ዓመቷ የሙዚቃ ስጦታ የታየባት ልጅ ነበረች ይባላል። ለእርስዋ መታሰቢያ በ1855 ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ የተዘጋጀ ድርሰት ጻፈላት። በ1856 ኑሮ ፍለጋ ወደ ስዊድን አገር ወደ ዬተቦሪ ከተማ ሄደ። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ነበርና በ1859 ወደ አገር ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ድሬስደን ከተማ ዐረፈች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሚስት አገባ። ከልጆቹም ዞፊ የምትባለው አንዲቱ ብቻ ቀርታው ነበር። ይህችን ልጅ ስም አስታውሱልኝ፤ በመጨረሻ እናገኛታለን።

ወደ ፕራግ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። በ1866 «የተሸጠችው ሙሽራ» የተባለው ኦፔራ፣ ማለትም በዜማ የሚተረክ ተውኔት፣ ለሕዝብ ቀረበ። በመጀመሪያ ብዙ ሰው አልመጣለትም ነበር፤ በኋላ ግን በመላው ዓለም የታወቀ ሆነ። በዚያው ዓመት የፕራግ ጊዜያዊ ቲያትር ዋና የሙዚቃ መሪ ሆኖ ተሾመ። በዚህም ሥልጣን ስምንት ዓመት ያህል ሠራ። ነገር ግን ጠላት አላጣም። አንዳንዶች ሥራው የባዕድ አገር ሙዚቃ ተከታይ ነው እያሉ በጋዜጣ ከሰሱት፤ ከሹመቱም እንዲነሣ ፊርማ አሰባሰቡ። እነዚያ ዓመታት የድካምና የክርክር ዓመታት ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1874 ስሜታና 50 ዓመት ሞላው። በእኛ አገር ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። በዚያ ዓመት የጉሮሮ ሕመም መስሎ የጀመረ በሽታ ያዘው፤ ሰውነቱም ሽፍታ አወጣ። በጁላይ ወር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ከፍተኛ ድምፆች ሲሰሙ በአንዱ ጆሮው የሚሰማው ድምፅ በሌላው ጆሮው ከሚሰማው የተለየ ሆነበት። አንድ ድምፅ ነው የተሰማው፤ እርሱ ግን ሁለት ሆኖ ይደርሰዋል። ከዚህም ሌላ ጆሮው ውስጥ ይነዝረው፣ ከታላቅ ፏፏቴ አጠገብ የቆመ ይመስል የውኃ ጩኸት ይሰማው ነበር። በመጀመሪያ ይመጣና ይሄድ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ግን መለየቱን ተወ። ራሱንም ያዞረው ጀመር። ቀጥ ብሎ ለመራመድ እስኪቸገር ድረስ ደረሰ።

ይህ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት የጆሮን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። በውስጠኛው ጆሯችን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ብልት አለ። በውስጡ ፈሳሽ ሞልቶበታል። በፈሳሹም ውስጥ 15,000 ያህል ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ ክራር አውታር የየራሱ ድምፅ አለው። በመግቢያው ያሉት ቀጭንና ከፍተኛ ድምፅ ይቀበላሉ፤ በመጨረሻው ያሉት ወፍራሙን ይቀበላሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሲጎዱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። አንዳንዶቹ ሞተው ሌሎቹ ሲቀሩ የሞቱትን ሥራ ጎረቤቶቻቸው ይቀበሉታል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከቦታው ይዛነፋል። ሁለት ክራር ለየብቻ ተቃኝተው አንድ ዜማ አብረው ሲመቱ አስቡ። የስሜታና ሁለት ጆሮዎች እንዲህ ሆኑ። ለሌላ ሰው ይህ አስቸጋሪ ነው፤ በድምፅ ለሚኖር ሰው ግን የሚቆምበት መሬት እንደ መክዳት ነው።

እንዲህ ያለው ጆሮ ሌላም ጠባይ አለው። ዝግ ያለውን ንግግር አይሰማም፤ ድምፁ ጥቂት ከፍ ሲል ግን በድንገት ጮኾ ሕመም ይሆንበታል። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ውሸታም ይመስላል። አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ ይላል፤ ሲደግሙለት ደግሞ አትጩኹብኝ ይላል። ከስሜታና በፊት የነበረው ታላቁ ቤትሆቨን በ1801 ለሐኪም ወዳጁ የጻፈው ይህንኑ ነበር፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ቃሉ እንደማይለይለት፣ የሚጮኽ ሰውም እንደማይታገሠው ገልጾ ነበር። በ1809 የፈረንሳይ ጦር ቪየናን በመድፍ ሲደበድብ ከወንድሙ ቤት ምድር ቤት ገብቶ ራሱን በትራስ እንደሸፈነ ተጽፏል። የሚደነቀው መድፉን መፍራቱ አይደለም፤ የቀረችውን ጥቂት መስማት እንዳያጣ መሳሳቱ ነው።

ወደ ስሜታና እንመለስ። በኦገስት ወር ሥራውን መምራት ስለማይችል ለረዳቱ አስረከበ። ለጥቂት ጊዜ ዐርፎ የሚድን መስሎት ነበር። ነገር ግን መስማቱ ከቀን ወደ ቀን ቀነሰ፤ በኦክቶበር 20 ቀን 1874 በሁለቱም ጆሮዎቹ ፈጽሞ የማይሰማ ሆነ። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ሙሉ ዕድሜውን የገነባው ሥራ በሦስት ወር ውስጥ ከእጁ ወጣ።

ሹመቱን ተወ። ቲያትሩ በዓመት 1,200 ጉልደን ጡረታ ሊከፍለው ተስማማ፤ በለውጡም ኦፔራዎቹን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊያሳይ መብት ወሰደ። ገንዘቡ ለቤተሰቡ በቂ አልነበረም፤ ክፍያውም ይዘገይ ነበር። ወዳጆቹና የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተውለት በ1875 ወደ ቩርዝቡርግና ወደ ቪየና ሄዶ በዘመኑ የታወቁ የጆሮ ሐኪሞችን አየ። አልተሳካም። በፕራግም ሐኪሞች ከድምፅ ሁሉ እንዲርቅ አዘዙት። በዝምታ ተዘግቶ ተቀመጠ፤ ለውጥ ግን አላገኘም። በ1875 መጀመሪያ በማስታወሻው ላይ ሕመሙ የማይድን ከሆነ ከዚህ ሕይወት መሰናበትን እንደሚመርጥ ጻፈ። ይህን የምጠቅሰው ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም። ታላላቅ ሰዎች መከራን ሁሉ በፈገግታ የሚቀበሉ እየመሰለን የራሳችንን ተስፋ መቁረጥ እንደ ኃጢአት ደብቀን እንዳንይዝ ነው።

ነገር ግን በዚያው የጨለማ ወራት አንድ ሌላ ነገር ተደርጓል። ስሜታና ስለ አገሩ ተራራ፣ ወንዝ፣ ጫካና ታሪክ የሚናገር ታላቅ ድርሰት አስቦ ነበር። ጠቅላላው ስድስት ክፍል ያለው ሲሆን ስሙ «አገሬ» ይባላል። የመጀመሪያውን ክፍል መስማቱ እየከዳው ሳለ ጀምሮ ፈጽሞ ከደነቆረ በኋላ በኖቬምበር 18 ቀን 1874 ጨረሰው። ሁለተኛው ክፍል «ቭልታቫ» ይባላል፤ ቭልታቫ በፕራግ መካከል የሚያልፈው ወንዝ ስም ነው። ይህን በኖቬምበር 20 ጀምሮ በዲሴምበር 8 ቀን ጨረሰው፤ 19 ቀን ብቻ ፈጀበት። ድርሰቱ ከሁለት ትናንሽ ምንጮች ይነሣል፤ ምንጮቹ ተገናኝተው ወንዝ ይሆናሉ፤ ወንዙም በአዳኞች ጫካ፣ በገጠር ሠርግ፣ በጨረቃ ብርሃን አልፎ ከዐለት ጋር ይታገልና ሰፍቶ ወደ ፕራግ ይደርሳል። ዛሬ በዓለም ላይ ሙዚቃ በሚወደድበት ስፍራ ሁሉ የሚታወቀው ይህ ነው።

እስቲ እናስተውል። ይህ ሰው ቀንና ሌሊት በጆሮው ውስጥ የፏፏቴ ጩኸት የሚሰማ ሰው ነበር። የማይፈልገው ውኃ በራሱ ውስጥ እየጮኸ እርሱ ግን የሚወደውን የአገሩን ውኃ ጻፈ።

ደንቆሮ እንዴት ዜማ ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ለእኛ ለመዘምራን ሩቅ አይደለም። ዜማ የተማረ ሰው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ መዝሙሩን በልቡ ይዘልቀዋል። ስሜታናም 50 ዓመት የሰማውን ድምፅ ሁሉ በልቡ አከማችቶ ነበር። ቫዮሊን እንዴት እንደሚሰማ፣ መለከት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ያውቃል። ያጣው በውጭ ያለውን ድምፅ ነው። ሆኖም ሥራው ቀላል ነበር ማለት አይደለም። የራሱ ጩኸት እየበረታ ስለሚያደክመው ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት መጻፍ አይችልም ነበር። የረጅም ጊዜ ሥራውን የሠራው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

በ1876 ኑሮ ስለከበደው ፕራግን ትቶ ያብኬኒትሰ ወደምትባል የገጠር መንደር ሄደ። ያስጠጋችውም ያቺ ከሞት የተረፈችው ልጁ ዞፊ ናት። ባልዋ የደን ጠባቂ ሹም ነበርና ቤታቸው በጫካ ዳር ነበር። ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር የነበረው ኑሮ ሰላም የራቀው ነበር፤ ሕመሙና ድህነቱ ነገሩን አባባሰው። ነገር ግን በልጁ ቤት ጸጥታ አገኘ። በጫካው መንገድ እየተራመደ ያስባል፤ ከዚያ ገብቶ ይጽፋል። ሰዎችም የሚፈልጉትን በወረቀት ጽፈው ያነጋግሩታል። በዚያው ዓመት የኢጣልያ ተጓዦች በአንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ መጥተው በኋላ በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ሰፈሩ። የእኛ ሽማግሌዎች የዚያን ስፍራ ታሪክ ሲነግሩን የስሜታናንም ዘመን በዚያ ልንለካው እንችላለን።

በ1876 መጨረሻ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላና ለአንድ ቼሎ የሚሆን ድርሰት ጻፈ። ስሙንም «ከሕይወቴ» አለው። በውስጡ ወጣትነቱን፣ ጭፈራውን፣ ፍቅሩን በቅደም ተከተል ተረከ። በመጨረሻው ክፍል ሙዚቃው በደስታ እየሮጠ ሳለ በድንገት ይቆማል። የሌሎቹ መሣሪያዎች ድምፅ ከሥር ይንቀጠቀጣል፤ ከላይ ግን አንድ ቫዮሊን አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚወጋ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ይህ ድምፅ በ1874 በጆሮው ውስጥ የጮኸው ድምፅ ምሳሌ ነው። ስለ ሕመሙ ለሰው ማስረዳት የማይቻለውን ነገር ጤነኛ ሰው በገዛ ጆሮው እንዲሰማው አደረገ። ድርሰቱ በ1878 በአንድ ወዳጅ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ቪዮላውን የተጫወተው ወጣቱ ድቮርዣክ ነበር፤ እርሱም በኋላ በዓለም የታወቀ ደራሲ ሆነ። በመጀመሪያ አንዳንድ ሙዚቀኞች ድርሰቱ ከደንብ ውጭ ነው፣ ለመጫወትም ያስቸግራል ብለው አልተቀበሉትም ነበር።

በ1881 የቼክ ሕዝብ ከየመንደሩ ሳንቲም አዋጥቶ የሠራው ብሔራዊ ቲያትር በፕራግ ተከፈተ። ለምረቃው የቀረበው «ሊቡሸ» የተባለው የስሜታና ኦፔራ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ለራሱ ለደራሲው የመግቢያ ቲኬት ሳይላክለት ቀርቶ ነበር። ሆኖም ገብቶ የራሱን ሥራ በዓይኑ ብቻ ተመለከተው። በ1882 «የተሸጠችው ሙሽራ» ለመቶኛ ጊዜ ታየች፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር 5 ቀን የ«አገሬ» ስድስቱም ክፍሎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ተሰሙ። ሕዝቡ ያን ጊዜ ማን እንደነበረው ዐወቀ።

ይሁን እንጂ መጨረሻው ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ እውነቱን መሸፋፈንም አይገባም። ከ1882 ጀምሮ የማስታወስ ኃይሉ ደከመ፤ ንግግሩም ይጠፋበት ጀመር። በማርች 1884 60 ዓመት ሲሞላው ፕራግ በታላቅ ክብር አከበረችለት፤ እርሱ ግን ሕመሙ ጸንቶበት በበዓሉ ላይ ሊገኝ አልቻለም። በኤፕሪል ቤተሰቡ ሊያስታምሙት ስላልቻሉ ወደ አእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ወሰዱት፤ በሜይ 12 ቀን 1884 ዐረፈ። የተቀበረው በቪሸራድ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የቭልታቫ ወንዝ ይታያል። የሕመሙን ምክንያት ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በ1946 የተጀመረው የፕራግ የጸደይ ሙዚቃ በዓል የሚከፈተውም እርሱ ባረፈበት በሜይ 12 ቀን ነው፤ መክፈቻውም «አገሬ» ነው።

ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? እኔ ሦስት ነገር አግኝቼበታለሁ።

አንደኛ፣ ጊዜን አለማሳለፍ። በስሜታና ዘመን ሐኪሞች ብዙ ማድረግ አይችሉም ነበር። ዛሬ ግን የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ሲቀንስ ወይም ድምፅ ሲዛነፍ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሐኪም ዘንድ ለደረሰ ሰው ሊረዳ የሚችል መድኃኒት አለ። ሳምንታት ካለፉ የመዳን ተስፋው ይቀንሳል። በእኛ አገር ጆሮው ሲጮኽበት ሰው ስሜን አነሣው ብሎ የሚተው ብዙ ነው። ዘይትና የቅጠል ጭማቂ የሚያፈስበትም አለ። ይህ አይገባም። በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል መድረስ ይሻላል። ምክንያቱ የጆሮ ኩክ ብቻ ከሆነም ሐኪሙ አይቶ በቀላሉ ያወጣዋል።

ሁለተኛ፣ የቀረውን መስማት መጠበቅ። ሞንታርቦ አፍ ላይ ቆሞ መዘመር ጀግንነት አይደለም። ድምፁ ካለቀ በኋላ ጆሮ ሲጮኽ ከቆየ ጆሮው ተጎድቶ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል ድምፅ የሚያሳምመው ሰው ቀኑን ሙሉ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ በዝምታ መቀመጡ እንደማይጠቅም የዛሬ ሐኪሞች ያስተምራሉ። ፍጹም ዝምታ ጆሮን ይበልጥ ያስደነግጠዋል። መሸፈን ያለበት በእውነት ኃይለኛ ድምፅ ሲኖር ነው፤ በሌላው ጊዜ ዝግ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ጥቂት በጥቂት ማለማመድ ይበጃል። የስሜታና ሐኪሞች ያዘዙለት ዝምታ የዚህ ተቃራኒ ነበር።

ሦስተኛውና ለእኛ የሚከብደው፣ የማይታይን ሕመም ማመን ነው። ዕውርን በበትሩ፣ አንካሳን በምርኩዙ እናውቀዋለን። የተዛነፈ ጆሮ ግን ምልክት የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ስናነጋግር በደኅነኛው ጆሮው በኩል ሆነን፣ ፊታችንን አሳይተን፣ ሳንጮኽ ቃሉን ለይተን እንናገር። በአጠገቡ ሳህን አናንኳኳ፣ በር አናላትም። ብዙ ሰው በሚንጫጫበት ስፍራ ዝም ቢል አኩርፎ ነው አንበል፤ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ንግግርን ከጫጫታ መለየት ይቸግረዋል፤ ድምፁም ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደዚያ ወንድማችን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም በሚቀጥለው ልምምድ ሳቅ ሳይኖር ሁላችንም ያለበትን ሁኔታ እንዲያስረዳን ለመንነው። ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከበሮው በቀኙ በኩል ይቆም ነበር፤ ወደ ሌላው ወገን አዛወርነውና እርሱን ከሰልፉ ቀኝ ጫፍ አቆምነው። አሁን ግራ ጆሮው ወደ እኛ ነው። የዜማውን መነሻ ከጎኑ የሚቆመው ልጅ ዝግ ባለ ድምፅ ይሰጠዋል። ጸናጽሉም ከእርሱ ራቅ ብሎ ይያዛል። በሐኪምም ታይቷል፤ ዘግይቶ ስለሄደ መስማቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ተነግሮታል። ያን ጊዜ ስንስቅበት ባንቆይ ኖሮ ምናልባት ቀድሞ ይሄድ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ ያዝናል።

ቢሆንም መዘመሩን አልተወም። ባለፈው የክረምት እሑድ ጉሙ ግቢውን ሁሉ ሸፍኖት ሳለ እርስ በርሳችን እንኳ አንተያይም ነበር። ከሰልፉ ቀኝ ጫፍ የሚመጣው የእርሱ ድምፅ ግን ከዜማው ሳይወጣ እስከ መጨረሻው ተሰማን።